ሐሙስ ይምጡ አልኳቸው

ወረታ የደረስኩት በምደባ ነው። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ልጅ፣ ፎገራ የሚባለውን ሜዳ በካርታ እንኳ ለይቼ አላውቀውም ነበር። የተመደብኩበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ የገበሬው የመሬት ይዞታ የሚመዘገብበት ቢሮ ነበር ማለት ይበቃል። እዚያ ስም አልነበረኝም፤ «የኮምፒውተሯ ልጅ» ነበርኩ። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የኮምፒውተሯ ልጅ ትጠራ፣ የኃላፊው ሞባይል ዘፈን አልጭን ሲል የኮምፒውተሯ ልጅ ትጠራ፣ እውነቴን ነው፣ ጣሪያው ሲያፈስ እንኳ አንድ ቀን እኔን ጠርተውኛል። እኔም አፌ አያርፍም። «የቆርቆሮ ትምህርት አልተማርኩም» እያልኩ፣ እየተነጫነጭኩ ሄጄ ባልዲ አስቀምጣለሁ። ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የዚህ ሁሉ ነገር ግማሹ የመጣው ከቁጣዬ ስለሆነ ነው።

መዝገብ ቤቱ ጥግ፣ ከእንጨት ጠረጴዛ ሥር፣ አንድ አሮጌ ሰርቨር ነበር። መጠባበቂያ ይሉታል። የምን መጠባበቂያ! ዋናው ኮምፒውተር መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጥሎ ከሞተ ቆይቷል፤ መጠባበቂያም ዋናም ያው አሮጌው ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ወረቀቱ ሞቷል። ፎገራን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳውና ጣና አይለዩም። እኔ ከመምጣቴ በፊት በአንዱ ክረምት ውኃው መዝገቦቹ ከተቀመጡበት ክፍል ገብቶ አራሳቸው። ያኔ የነበረው ባለሙያ የራሱትን መዝገቦች ፀሐይ ላይ ዘርግቶ፣ ገጽ በገጽ ስካን አድርጎ ሰርቨሩ ውስጥ አስገባቸው። እግዜር ይስጠው። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ሻገተ፣ የተረፈውን ደግሞ ምስጥ ጨረሰው። እንግዲህ የዚያ ሜዳ ገበሬ መሬቱ የእሱ ለመሆኑ ቢሯችን ያለው ማስረጃ ከጠረጴዛው ሥር በሚያጓራው በዚያ አሮጌ ዕቃ ውስጥ ብቻ ነበር።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አርባዎቹን ያለፈ የወረታ ልጅ ነው፤ ሁሉን በተረት ይመልሳል። ስለ መዝገብ ሲነሳ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል ኮራ ብሎ። እኔም «የእናንተ ወረቀት ግን ውኃ ሲያይ ለቀቀ» እለዋለሁ። ይስቃል። «አንች ወሎዬ፣ ይህ ምላስሽ አንድ ቀን ጉድ ያፈላብሻል» ይለኛል። እንዲህ እየተነካካን ነበር የምንውለው።

ያ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ሌላም ነገር አድርጎ ነበር። የሰርቨሩን ቀን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል። ቢሮው ደብዳቤ የሚጽፈው በእኛ ዘመን ነው፤ ፍርድ ቤት የሚጠይቀውም በእኛ ዘመን ነው። ኮምፒውተሩ ግን የፈረንጅ ዓመት እያሳየ ሰውን ሲያምታታ፣ ኃላፊው «ይህን ነገር አስተካክለው!» ቢለው አስተካከለው። ማሽን ደግሞ ከፈረንጅ ዘመን ሌላ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ሰው ዛሬ ስካን ያደረገውን ገጽ፣ ከሰባት ከስምንት ዓመት በፊት እንደተሠራ አድርጎ ይይዘዋል። ሰዓቱም በእኛው ነው፤ ጠዋት ሥራ ስንገባ ሁለት ሰዓት ይላል። መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ደሴ ላሉት ጓደኞቼ ደውዬ አሳቅኋቸው። ኋላ ግን ለመድኩት፤ እንዲያውም ተመቸኝ። ቀኑን ከፈረንጅ ወደ እኛ ከመመለስ አሳርፎኛል።

እማማ ቢሯችን መምጣት የጀመሩት በግንቦት ነው። እማማ የምላቸው እኔ ነኝ፤ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ከአንበሳሜ በኩል ተድረው ወደዚህ ሜዳ መጡ፤ ልጅ አልወለዱም። ባላቸው በሞቱ ዓመቱ ሳይወጣ፣ የባላቸው ታናሽ ወንድም ሁለቱን ቃዳ የሩዝ መሬታቸውን፣ ቃዳ እዚያ የሄክታር ሩብ ነው፣ በሬዎቹን አስገብቶ አረሰው። «የወንድሜ ነው። እሷ የቤት ሠራተኛው ነበረች እንጂ ሚስቱ አይደለችም» አለ። የሠላሳ ዓመት ትዳር! የተጋቡት በሽማግሌ ነው፤ ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። ሽማግሌዎቹ አልቀዋል። ጎረቤቱ ሁሉ የሰውየው ዘመድ ነውና «በወንድማማች ንብረት አንገባም» ብሎ አፉን ያዘ። አረንጓዴው የይዞታ ደብተራቸው ያ ጎርፍ ቤታቸው የገባ ጊዜ ከነሳጥኑ ሄዷል። የቀረቻቸው አንዲት የመዝገብ ገጽ ናት፤ ያን ጊዜውኑ በሰርቨሩ ከፍቼ አይቻታለሁ፤ በእሷ ላይ የባልም የሚስትም ስም አለ፣ የሁለቱም ፎቶ አለ። ዳኛው «ሚስት መሆንዎን የምታሳየውን ገጽ በማኅተም ያቅርቡ» ብለው ቀጠሮ ሰጧቸው። እሷ ካልቀረበች እማማ ቤትም፣ መሬትም፣ ሚስትነትም የላቸውም።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ሰኞ ዕለት፣ አዲሱ ሰርቨር በመኪና መጣ። ከበላይ ሲላክ ፕሮግራሙ ተጭኖ፣ ደንቡ ተሞልቶ ነው የመጣው። ከደንቦቹ አንዱ፣ ቦታ እንዳይጣበብ ከአምስት ዓመት በላይ የቆየውን ፋይል ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ራሱ እያየ ይሰርዝ የሚል ነበር። አላነበብኩትም ብል እግዜር ይታዘበኛል። አንብቤዋለሁ። አንብቤ፣ «የእኛዎቹ ገና ሦስት ዓመታቸው ነው፤ እኛን አይነካንም» ብዬ አለፍኩት። ያ የሳቅሁበት የሰርቨር ቀን በአእምሮዬ ውልም አላለ። ለካ ሰው የለመደውን ነገር አያየውም።

ማክሰኞ ጠዋት ኮፒው ሲጋመስ እማማ ገቡ። ከርብ ማዶ ጭቃውን በእግራቸው አቋርጠው ነው የመጡት፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጥቁር አፈር ለብሷል። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ለሚመጣው ሰኞ ነበር።

«ልጄ፣ ያችን ገጽ ዛሬ አውጭልኝ» አሉኝ።

«ዛሬ አይሆንም እማማ። ወደ አዲሱ ማሽን እያዛወርኩት ነው።»

«አንድ ገጽ ናት እኮ፣ የኔ ልጅ።»

እውነታቸውን ነው፤ አንድ ገጽ ናት። ነገር ግን ያ አሮጌ አንድ ገጽ ለመክፈት እንኳ ግማሽ ሰዓት ይተኛል፤ ኮፒ እያደረገ ሌላ ሥራ ካዘዙት ደግሞ ቀጥ ይላል። ሰኞ ሁለት ጊዜ ቀጥ ብሎብኝ፣ ሁለት ጊዜ ከዜሮ ጀምሬያለሁ። ኃላፊው በየሰዓቱ አንገቱን በበሩ አስግጎ «አላለቀም?» ይለኛል። ቁርስ አልበላሁም። ይህን ሁሉ የምለው ለራሴ ለመሟገት አይደለም፤ እንዲያው እንደዚያ ስለነበር ነው።

«ሐሙስ ይምጡ። በአዲሱ ጥርት ብሎ ይወጣልዎታል» አልኩ።

«ሐሙስ ርብ ቢሞላስ? በእመቤቴ ልጄ፣ ዛሬ መጥቻለሁ፣ ዛሬ ስጭኝ።»

«እማማ፣ ነገርኩዎት እኮ! ሐሙስ ይምጡ ብያለሁ፣ ሐሙስ ይምጡ! ለአንድ ገጽ ብዬ የሕዝቡን ሁሉ ሥራ ላቋርጥ?»

ጮኽኩባቸው። የመዝገብ ቤቱ ሰው ከመዝገቡ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። እማማ ግን እኔኑ አባበሉኝ። «እሽ፣ እሽ የኔ ልጅ፣ አትቆጭ። ሐሙስ እመጣለሁ» ብለው፣ ጫማቸውን እንደያዙ ወጡ። እኔም «ኤጭ!» ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ረቡዕ ጠዋት ኮፒው አለቀ። የአሮጌውንና የአዲሱን ፋይል ቆጠርኩ፤ ልክ ሆነ። ከዚህም ከዚያም እያልኩ አሥር ገጽ ያህል ከፈትኩ፤ ጥርት ብሎ ይታያል። ደስ አለኝ፣ ፎከርኩም። አሮጌው ተጸድቶ፣ ሰርቨሩን ባመጣው መኪና ለሌላ ወረዳ እንዲሄድ ታዝዞ ነበር። ሳምንት ሁለት ሳምንት መቆየት እንዳለበት ተምሬያለሁ፤ አዲሱ እስኪረጋገጥ አሮጌው አይነካም። ለኃላፊው አንድ ጊዜ ይህንኑ ነገርኩት። እሱ ወገቡን ያመዋል፤ በዚያው መኪና ዋንዛዬ ፍል ውኃ ሄዶ ሊታጠብ ፎጣውን በፌስታል ይዞ ቆሟል። «ቆጠርሽው አይደል? ልክ ነው አይደል? በቃ!» አለኝ። እልህ ያዘኝ። «እንግዲያውስ ልክ ነው!» ብዬ የአሮጌውን ዲስክ ሙልጭ አድርጌ አጸዳሁት። መኪናው ጭኖት ሄደ። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ አዲሱንም አጠፋሁትና ቤቴ ገባሁ።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ስገባ እማማ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መብራት የለም። «እንጠብቃለና» አሉ። እስከ አምስት ሰዓት አብረን ጠበቅን። ባቄላ ቆሎ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጥተው ኖሮ፣ ፈትተው ለእኔም ለመዝገብ ቤቱም ሰው ዘገኑልን። ማክሰኞ ስለጮኽኩባቸው ይቅርታ ልል አፌ ላይ መጣ፤ አሳፈረኝና ቆሎውን ቃምኩ።

መብራቱ መጣ። አዲሱን አስነሳሁት። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ፋታም የለው። «አያችሁ ጉልበቱን!» አልኳቸው። እማማም ጎንበስ ብለው አዩት፤ «እሰይ፣ እሰይ» አሉ። እኔ እያሳየኋቸው፣ እሳቸው እያመሰገኑ፣ ማሽኑ ለካ እየሰረዘ ነበር። አዲሱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነውና፣ ሁሉም ገጽ በእሱ ዓይን ከአምስት ዓመት ያለፈ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተሠራውም፣ ባለፈው ወር የተሠራውም።

የቀበሌያቸውን ማኅደር ከፈትኩ፤ ባዶ ነው። የተሳሳትኩ መስሎኝ ዘግቼ ከፈትኩት። ባዶ። ሌላውን ቀበሌ ከፈትኩ፣ ባዶ። ያ የአሮጌው ሰርቨር ቀን፣ ያ የሳቅሁበት ቀን ያኔ ትዝ አለኝና «ወይኔ!» ብዬ ጮኽኩ። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት፤ ምን ዋጋ አለው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ምነው ልጄ? መብራቱ ሄደ እንዴ?» አሉኝ እማማ።

«ማሽኑ... ማሽኑ ትንሽ አስቸገረ፣ እማማ» አልኩ። «እስከ ሰኞ አስተካክለዋለሁ።»

«አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ አትደንግጭ። አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ያስቸግራል።»

እሳቸው እንደወጡ ለመዝገብ ቤቱ ሰው እውነቱን ነገርኩት። ተረት አልመጣለትም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ግንባሩን ያዘ። አሮጌው ወደሄደበት ወረዳ ደወልኩ፤ ትናንት ከሰዓት እንደደረሳቸው የራሳቸውን ሥራ በላዩ ላይ ጭነውበታል። አዲስ አበባ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ነበረች፤ በለቅሶ ደወልኩላት። «አታልቅሽ፣ ስሚኝ» አለችኝ። የተሰረዘ ነገር ወዲያው እንደማይጠፋ፣ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ከዲስኩ ላይ ሊለቀም እንደሚችል፣ ግን ሁሉም ደህና ሆኖ እንደማይወጣ አስረዳችኝ። የሚለቅመውን ፕሮግራምና ትልቅ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ፍለጋ ዓርብ በሚኒባስ ባሕር ዳር ወርጄ፣ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ዋልኩ። አገኘሁ። ስመለስ መንገዱን ሁሉ «አንዷን ብቻ፣ አንዷን ገጽ ብቻ» እያልኩ እግዜርን ለመንኩት። የሌላው ሰው ሁሉ ገጽ እንደጠፋ ልቤ ያውቃል፤ እኔ ግን ስለ እማማ ብቻ ነበር የምለምነው።

ቅዳሜ ፕሮግራሙ ከዲስኩ መልቀም ጀመረ። የሚወጣው ምስል ስም የለውም፤ የማን ገጽ እንደሆነ የሚታወቀው ተከፍቶ ሲነበብ ነው። አብዛኛው አይከፈትም። የሚከፈተው ደግሞ ከላይ ጥቂት መሥመር ያሳይና ከዚያ በታች ግራጫ ይሆናል። እኔና የመዝገብ ቤቱ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ በአንድ ስንከፍት ዋልን። መብራት ሦስት ጊዜ ሄደ። በሦስተኛው ወንበር አንስቼ ግድግዳው ላይ ወረወርኩ፤ የመዝገብ ቤቱ ሰው አንስቶ አቆመውና «ተቀመጭ» አለኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣ፤ እኔ ከጠዋት ጀምሬ እዚያው ነበርኩ።

እሑድ ወደ ስምንት ሰዓት ላይ «አቁሚ! አቁሚ!» አለ። የእማማ ገጽ ናት። ከላይ የቀበሌው ስም፣ የማኅደሩ ቁጥር። ቀጥሎ የባለይዞታ ስም፣ የእማማ ባል ሙሉ ስም ከነአያቱ። በቀኝ በኩል ፎቷቸው፣ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ። ከዚያ በታች «የትዳር ጓደኛ ስም» የሚል ጽሑፍ አናቱ ብቻ ይታያል። ከእሱ ወዲያ ግራጫ ነው፤ እስከ ታች ድረስ።

አንዴ ዘግቼ ከፈትኩት። በሌላ ፕሮግራምም ከፈትኩት። ያው ነው። አለቀስኩ፤ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቅሁ ነው ያለቀስኩ።

የመዝገብ ቤቱ ሰው ግን ተስፋ አልቆረጠም። «አዋሳኝ!» አለ ድንገት ብድግ ብሎ። እዚያ አገር መሬት ሲመዘገብ በምሥራቅ የእገሌ፣ በምዕራብ የእገሌ፣ በሰሜን፣ በደቡብ እየተባለ አዋሳኙ ሁሉ ይጻፋል። የእማማ ገጽ ብትጠፋም፣ ጎረቤቶቻቸው ገጽ ላይ የእማማ መሬት በአዋሳኝነት ተጠቅሷል። አቀፍኩት። እንደገና ተቀመጥን፤ ከአራቱ ጎረቤቶች የሁለቱን ደህና አድርገን አገኘን። አንደኛው፣ በእግዜር ሥራ፣ የባላቸው ወንድም የራሱ ገጽ ነበር፤ ጣቱን ቀለም ውስጥ አጥልቆ ፈርሞበታል።

በምዕራብ የሚያዋስነው ተብሎ የተጻፈው የወንድሙ፣ የእማማ ባል፣ ስም ነው፤ የወንድሙ ብቻ። በሌላውም ጎረቤት ገጽ እንደዚያው ነው። አዋሳኝ ሲጻፍ የሚጻፈው የወንዱ ስም ነው፤ ማንም የሚስቱን አይጠራም፤ መዝጋቢው አይጠይቅም፣ ጎረቤቱ አይናገርም። ያን ሁሉ መዝገብ ብናገላብጥ የእማማ ስም የተጻፈው በአንዲት ቦታ ብቻ ነበር። እሷ ቦታ ግራጫ ሆናለች። እነዚህን ገጾች ፍርድ ቤት ብንወስዳቸው ጭራሽ የሚጠቅሙት ሰውየውን ነው።

ገጾቹን አንድ በአንድ ዘጋኋቸው። ከዚያ የመዝገብ ቤቱ ሰው ተነስቶ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንች የጎደለውን ሙይው» አለኝ። «ስማቸውን እናውቀዋለን። ፎቷቸውን በሞባይል እናነሳለን። አንች ታስገቢዋለሽ፣ እኔ አትማለሁ። ውሸት አይደለም፤ የነበረ ነገር ነው።»

የነበረ ነገር ነው። አውቃለሁ። በእኔ እጅ ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እምቢ አልኩ። ሰው ይህን ሲሰማ ታማኝ ነበረች ይላል፤ ታማኝነት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። እስር ቤት ታየኝ፣ እናቴ ታየችኝ። ሐሰተኛ ማስረጃ ብዬ ስለ ሕግ ሳወራለት፣ «ተይው በቃ» አለኝና በሩን ከፈተው። ከዚያ ቀን ወዲህ ተሳልቆብኝ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ከፍል ውኃው የተመለሰው ኃላፊያችን ለፍርድ ቤቱ ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዘኝ። «በቴክኒክ ችግር ምክንያት የተጠየቀው መረጃ ሙሉ ሆኖ ያልተገኘ መሆኑን እንገልጻለን» በይ አለ። አልኩ። በራሴ ጣት ነው የተየብኩት። ማን እንዳጠፋው የሚል ነገር የለበትም። ግማሿን ገጽ አያይዘን ላክነው። እኔም ፈቃድ ጠይቄ ፍርድ ቤት ሄድኩ፤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ዳኛው ገጿን አገላብጠው፣ «እዚህ ላይ የእርስዎ ስም አይታይም» አሏቸው እማማን። እማማም «አለ ጌታዬ፣ ከሱ ሥር አለ፣ ፎቶዬም አለ፤ ያን ለት አብረን ነው የተነሳነው» አሉ። ሌላ ማስረጃ፣ ሌላ ምስክር ተጠየቁ። የላቸውም። ያኔ ብነሳ፣ «አይቻታለሁ፣ ስማቸው ነበረ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብል ምን ይሆን ነበር? በግንቦት ገጿን ከፍቼ በዓይኔ አይቻታለሁ እኮ። ተቀምጬ ቀረሁ። መሬቱ ለወንድምየው ተወሰነ።

ውጪ ሲያገኙኝ እማማ ሁለት ጉንጬን ይዘው ሳሙኝ። «እንዳንች የደከመልኝ የለም። ማሽኑ ነው እንጂ አንች ምን ታደርጊ! እግዜር ይስጥሽ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ክፉ አይንካሽ» እያሉ መረቁኝ። አሜን አልኩ።

በወሩ መጨረሻ ግምገማ ተቀመጥን። ግለ ሂስ አቅርቢ ሲሉኝ ተነስቼ «ሥራ ሰዓት አላከብርም፣ እቆጣለሁ» አልኩ። ተቀበሉት። ስለ ሰርቨሩ ኃላፊው ራሱ «የአቅም ግንባታ ክፍተት» ብሎ በአንድ መሥመር ዘጋው። በዚያው ስብሰባ፣ ገጻቸው የጠፋባቸው ገበሬዎች በየቀበሌው በጎረቤት ምስክርነት እንደገና እንዲመዘገቡ ተወሰነ። ጎረቤት ያለው ሰው ሁሉ መሬቱን መልሶ አገኘ። የእማማ ግን ፍርድ ያገኘ ጉዳይ ነውና አይነካም ተባለ።

በነሐሴ ለዚሁ ምዝገባ ከመዝገብ ቤቱ ሰው ጋር ወደ እማማ ቀበሌ ወረድን። ሩዙ የሚታረምበት ጊዜ ነው፤ ሴቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ተሰልፈውና አጎንብሰው ያርማሉ። በድንበሩ ላይ ስናልፍ አንዷ ቀና አሉና «ልጄ! የኮምፒውተሯ ልጅ!» ብለው ጠሩኝ። እማማ ናቸው። ከስተዋል። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው መጡና ሳሙኝ።

«የማን ማሳ ነው?» አልኳቸው፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

«የእሱ» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ማሳውን አዩት። «ያው የኔው። ሰው በጠፋ ለት ለቀን ሥራ ይጠራኛል። ሌላ ከሚያርመው ብዬ እመጣለሁ፤ የቱ ጋ አረም እንደሚበዛበት እኔ አውቀዋለሁ።»

ቀጥለው ደግሞ ይመርቁኝ ጀመር። ያን ምርቃት ዳግመኛ መስማት አቃተኝ። «እማማ፣ ይተዉ» አልኩ። «ማሽኑ አይደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቀኑን ሳላስተካክል አዛውሬው ነው የተሰረዘው። ፍርድ ቤትም ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው።»

የመዝገብ ቤቱ ሰው መሬት መሬት ያያል። እማማ በደንብ የገባቸው አልመሰለኝም ነበር። እሳቸው ግን፣ «ያን ማክሰኞ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በጭቃ የመጣሁ ለት። ያኔ ገጿ ነበረች?»

«ነበረች።»

«ብታወጭልኝ ትወጣ ነበር?»

«ትወጣ ነበር፣ እማማ።»

አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡልኝ በወደድኩ። በግራ እጃቸው የነቀሉትን አረም እንደያዙ ነበር፤ ድንበሩ ላይ ጣሉትና «እግዜር ይቅር ይበልሽ፤ እኔስ አልችልም» አሉኝ። ወደ ሰልፋቸው ተመልሰው አጎነበሱ። እኛ ከማሳው ዳር እስክንርቅ ድረስ ቀና አላሉም።